በመጨረሻው ገጽ ላይ የተጻፈው

(ሐረር ውስጥ በወር አንድ ጊዜ በምንሰባሰብበት የንባብ ወዳጆች ጉባኤ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ የቃል ወጉን አልነካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ ዐለይኩም! አከም ጅርቱ! በሩ ላይ የቆማችሁ ልጆች ግቡ፤ ፊት ለፊት ቦታ አለ፣ አትፈሩ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ትናንት ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ዛሬ ደግሞ የራሳችሁን ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ኑሩልኝ።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ከዚራ ነው የተወለድኩት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር በባቡር ፉጨት እየነቃሁ ነው ያደግሁት። ሐረር ላይ ደግሞ 31 ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ፤ ልጆቼንም የዳርኩት እዚሁ ነው። ስለዚህ እንግዳ ነው ብላችሁ የምታልፉኝ አይመስለኝም።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ጥያቄ "የውጭ ሙዚየሞች የያዟቸውን ጥንታዊ ቅርሶች ለመጡበት አገር ሊመልሱ ይገባል ወይ?" የሚል ነው። መልሴን አላቆይባችሁም። ይገባል። አዎ፣ ይገባል! ግን ይህን ብቻ ተናግሬ ብወርድ ታጨበጭቡልኝና ወደየቤታችን እንሄዳለን። ጭብጨባ ደግሞ አንድ ቅጠል ብራና እንኳ አያስመልስም። ስለዚህ ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ቅርሱ የማን እንደሆነ የሚመሰክረው ማን ነው? ሁለተኛ፣ "እናንተ ዘንድ ይጠፋል" ለሚሉን ምን እንመልስ? ሦስተኛ፣ ተመለሰ እንበል፤ ለማን ነው የሚመለሰው? ሦስተኛው ላይ ሳልረዝምባችሁ አልቀርም፤ ታገሡኝ።

ከምስክሩ ልጀምር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ክፍል ውስጥ ስንቴ አስተምሬዋለሁ! ብዙ ጊዜ የማይነገረው ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። የእንግሊዝ ጦር አምባውን በረበረው፣ አቃጠለው፣ ያገኘውን ይዞ ወረደ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጎ ነበር። ደላንታ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ሁለት ቀን የፈጀ ጨረታ ተከፈተ። አስቡት እስኪ! የቤተ ክርስቲያን ጽዋ፣ መስቀል፣ ብራና መጽሐፍ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ "ማን ይጨምራል?" ሲባል።

ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ሰጥቶ የላከው፣ እንዲገዛ ነው። የአቡኑን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። በ4 ፓውንድ! ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ደግሞ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1863 ዓ.ም.፣ የዘውዱና የጽዋው ጉዳይ ፓርላማቸው ውስጥ ሲነሣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ራሱ እነዚህ ዕቃዎች በእንግሊዝ ጦር መወሰዳቸው በጣም እንዳሳዘነው ተናግሯል። የእኛ ሰው አይደለም ይህን ያለው። የእነሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። የብራና መጽሐፍ የነካ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ አለ። መጽሐፉ አልቆ ጸሐፊው ብዕሩን ከማስቀመጡ በፊት በመጨረሻው ገጽ፣ አንዳንዴም በመጀመሪያው፣ ምን ብሎ ይጽፋል? "ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን።" የሰረቀው፣ የፋቀው፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን! ለምን "የፋቀው" አለ? ሌባ መጀመሪያ የሚያደርገው የባለቤቱን ስም መፋቅ ስለሆነ ነው። አባቶቻችን ሌባውን ያውቁታል።

ወደዚህ ወደ ጀጎል ስንመጣስ? እዚህ ከተማ ውስጥ በእጅ የተጻፉ ሙስሐፎች፣ ቁርኣኖች ማለት ነው፣ እና የፊቅህ፣ የእስልምና ሕግ፣ ኪታቦች አሉ፤ ገልጣችሁ እዩአቸው። ብዙዎቹ ላይ ወቅፍ መሆናቸው ተጽፏል። ለአላህ ብሎ የተሰጠ ነው፤ አይሸጥም፣ በስጦታ አያልፍም፣ አይወረስም። እንግዲህ አንዱ በግዕዝ፣ ሌላው በዐረብኛ፤ አንዱ ደብር ውስጥ፣ ሌላው መስጊድ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚጽፈው። ሁለቱ ተገናኝተው አልተማከሩም። ግን ሁለቱም መጽሐፉ አንድ ቀን ከቤቱ ሊወጣ እንደሚችል አስበው የባለቤትነቱን ቃል እዚያው ገጹ ላይ አኖሩት።

እኔ የምለው ይሄ ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ ጠበቃ ከመቆማችን በፊት መጽሐፉ ራሱ ቆሞ መስክሯል። ለንደን ያለው ብራና ውስጥ ያ መስመር አለ። እ.ኤ.አ. በ1877 የመቅደላ ብራናዎች ካታሎግ ታትሟል፤ ዊልያም ራይት የሚባል ሊቅ አንድ በአንድ አገላብጦ ነው ያዘጋጀው። ግዕዙን ያነብቡታል እኮ! ስለዚህ እኔ "አታውቁም" ብዬ አልከራከራቸውም። "አንብባችኋል" ብዬ ነው የምጠይቃቸው። አንብባችሁታል፤ ታዲያ ለምን?

የጽላቱ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይገርመኛል። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ። ቅዱስ ስለሆኑ ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም አያዩአቸውም፤ ተሸፍነው ተቆልፎባቸዋል። ለእምነታችን ክብር ሰጥተው እንዲህ ማድረጋቸውን አመሰግናለሁ፤ ከልቤ ነው። ግን ሙዚየም ማለት ሰው የሚያይበት ቤት ነው። ማንም የማያየው፣ ማንም የማያጠናው፣ ማንም የማይሳለመው ነገር ሙዚየም ውስጥ ምን ይሠራል? በ1994 ዓ.ም. ከኤዲንብራ አንድ ታቦት ተመልሶ ነበር። አንድ ቄስ ናቸው ከቤተ ክርስቲያናቸው ቁም ሣጥን ውስጥ አግኝተው "ይህ የእኛ አይደለም" ያሉት። አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሕግ ማሻሻል አላስፈለጋቸውም። የራሳቸው ያልሆነውን ነገር ማወቅ በቂ ነበር።

"ሕጋችን አይፈቅድም" የሚሉትን ላንሣና ልለፈው። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ዕቃ አውጥቶ መስጠትን ይከለክላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ያው ፓርላማ ናዚዎች ከአይሁድ የዘረፉት ዕቃ እንዲመለስ ሌላ ሕግ አውጥቷል። ጥሩ አደረገ! ስለዚህ በሩ ሲፈለግ ይከፈታል። ከዚያ ሁሉ በፊትስ? በ1864 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ "ክብረ ነገሥት የሚባል መጽሐፍ አለ፤ የአገሬ ሕግ ያለበት ነው፤ እሱ ከሌለ ሕዝቤ አይታዘዝልኝም" የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ነበረው፤ አንዱን መለሰ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ የዚህችው የሐረር ልጅ፣ ኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ራስ ተፈሪ እንግሊዝ ሲሄዱ ከአፄ ቴዎድሮስ ሁለት ዘውዶች አንዱ ለንግሥት ዘውዲቱ ተመለሰ። የብሩ ነው የተመለሰው። የወርቁ ቀረ።

ሁለተኛው ነገር። "እናንተ ዘንድ ይጠፋል፣ እኛ ዘንድ ይጠበቃል።"

ይህን ክርክር አልንቀውም። ለምን እንደማልንቀው ልንገራችሁ። አባቴ ሲሞት አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ትቶልን ነበር። ውስጡ የምድር ባቡር ቆቡ፣ ፊሽካው፣ የእጅ ፋኖሱ፣ በፈረንሳይኛ የተጻፉ የደመወዝ ወረቀቶቹ ነበሩበት። ሣጥኑ እህቴ ዘንድ፣ ከደቻቱ ዳር ባለው ቤቷ ነበር። ሐምሌ 1998 ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊት፣ ደቻቱ ሞላ። ያን ሌሊት የድሬ ሰው አይረሳውም፤ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። እህቴ ልጆቿን ይዛ ጣሪያ ላይ ወጥታ ተረፈች። ሣጥኑን ወንዙ ወሰደው። ስለ ሣጥን ማልቀስ ነውር ነበር፤ አላለቀስንም። ግን ዛሬ አንድ ልጅ "አያቴ ምን ይሠራ ነበር?" ቢለኝ የማሳየው ነገር የለኝም።

ስለዚህ ጎርፍ አለ፣ ምስጥ አለ፣ ሌባ አለ፣ ጦርነት አለ። አልክድም። ግን እነሱ ዘንድስ? የአክሱም ሐውልት ሮም ላይ በቆመበት በ1994 ዓ.ም. መብረቅ መትቶታል። አክሱም ላይ አይደለም፤ ሮም ላይ! በነሐሴ 2015 ደግሞ ብሪቲሽ ሙዚየም ራሱ ወደ 2,000 የሚጠጉ ዕቃዎች ከግምጃ ቤቱ ተሰርቀው፣ ጠፍተው ወይም ተጎድተው እንደተገኙ ተሰማ። ይህን የማነሣው ደስ ብሎኝ አይደለም። የሰው ልጅ ሀብት ሲጠፋ ያሳዝነኛል፤ የማንም ይሁን። የምለው፣ ጎረቤቴ ቤቱ ጠንካራ ስለሆነ የእኔ ዕቃ የእሱ ይሆናል ወይ? አደራ አስቀምጥልኝ ስለው ነው የሚያስቀምጥልኝ።

ይህን ስል ደግሞ ብድር የሚሉት ነገር አለ። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2010 ዓ.ም. የመቅደላን ዕቃዎች ለረጅም ጊዜ በውሰት ሊሰጠን እንደሚችል አሳወቀ። ለእኛ! በውሰት! ሰዉ ተቆጣ፤ እኔም ተቆጥቼ ነበር። ሲበርድልኝ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ሉሲን እናውቃት የለም? ድንቅነሽን? ከ1999 እስከ 2005 አሜሪካ ዞራ ተመልሳለች። እኛ ማዋስ እናውቅበታለን ማለት ነው። ባለቤቱ ሲያውስ ተዋሹ ይደሰታል፣ ባለቤቱም ይከበራል። ስለዚህ ቃሉን አንጥላው፤ አቅጣጫውን ግን እናስተካክል። የባለቤትነቱ ወረቀት በእኛ ስም ይሁን፤ ከዚያ ለንደን ሰው እንዲያይ እኛ እናውሳቸው።

ሌላም አለ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ አንድ ትልቅ ሥራ ነበር። በየገዳሙ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ያንን በመመርመርና ካታሎግ በማዘጋጀት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት! እዚያ ሥራ ላይ ቅጂው ሄደ፣ ዋናው ቀረ። የዓለም ሊቃውንት አነበቡ፤ ባለቤቱ አልተራቆተም። "ዕውቀት የዓለም ነው" ለሚሉኝ መልሴ ይሄ ነው። አዎ፣ ዕውቀት የዓለም ነው፤ ዕውቀቱን ውሰዱ፣ ፎቶውን ውሰዱ። መጽሐፉን መልሱ።

(እዚህ ላይ አንድ አባት ከመሀል "ሐውልቱስ?" ብለው ጠየቁኝ።)

ሐውልቱ! አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ልረሳው ነበር። የእኔ አባት አንድ ወሬ ነበረው፤ ደጋግሞ የሚያወራው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዐውደ ዓመት ዋዜማ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ይሮጣል። መሽቷል፣ ችቦ በርቷል። ጣልያን በ1929 ከአክሱም ወስዶ የተከለው ሐውልት መንገዱ ዳር ቆሟል። አበበ እዚያ ሲደርስ ነው የመጨረሻውን ፍጥነት የጨመረው። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይጨምርበታል፦ "ሐውልቱም አይቶታል!" ድንጋይ ያያል ወይ? እኔ አስተማሪ ሆኜ እንኳ ይህን ቃል ላርመው ደፍሬ አላውቅም።

ጣልያን በየካቲት 1939 በፈረመችው የሰላም ውል ሐውልቱን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገብታ ነበር። መቼ መጣ? በሚያዝያ 1997። 58 ዓመት! በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት ክፍል ተጭኖ። ያን ቀን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቴሌቪዥን መስኮት ላይ አውጥተን ግቢ ሙሉ ተማሪ ቆሞ አየ። አንድ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ "መምህር፣ ይሄ ድንጋይ እኮ ከሐረር በጣም ሩቅ ነው፤ እኛ ለምን ደስ አለን?" አለኝ። ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ የመጽሐፍ መልስ ነበር። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ወደ ሦስተኛው ነገሬ የሚወስደኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

ለማን ነው የሚመለሰው?

"ለኢትዮጵያ" ማለት ቀላል ነው። ግን መቅደላ የነበሩት ብራናዎች መቅደላ አልተጻፉም። አፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያናቸው ብለው ያሰባሰቧቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በኃይል የተወሰዱ ናቸው። ይህን ስናገር የሚከፋው ሰው ይኖራል፤ ንጉሡን እንወዳቸዋለን፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን የታሪክ መምህር ግማሹን አስተምሮ ግማሹን መዋጥ የለበትም። ታዲያ የጎንደሩ መጽሐፍ ከለንደን ወጥቶ አዲስ አበባ አንድ መጋዘን ውስጥ ቢቆለፍ ተመለሰ እንላለን? የመጨረሻው ገጽ ላይ የአጥቢያው ስም ተጽፎ የለም ወይ?

ወደ እኛው ልምጣ። ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው፣ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ያቋቋሙትን ሙዚየም ያላየ አለ? ካለ ነገ ይሂድ። አንድ ሰው ናቸው፤ በገዛ ቤታቸው ነው የጀመሩት። ከሺህ በላይ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ የአሚሮቹ ዘመን ሳንቲሞች፣ ልብስ፣ ጌጥ፣ የድሮ ዘፈን ቅጂዎች ሰብስበዋል። የተጎዳውን መጽሐፍ ደግሞ በሐረር ወግ መልሰው ይደጉሳሉ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በታኅሣሥ 1847 ወደ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ለከተማችን ብዙ ደግ ቃል አልነበረውም፤ የድጉሱን ጥንካሬና ውበት ግን ከፋርስ በቀር በምሥራቁ አገር የሚበልጠው የለም ብሎ መስክሯል። በሐረር የተጻፉ ቁርኣኖች ዛሬ ባሕር ማዶ ባሉ ታላላቅ ስብስቦች ውስጥ አሉ፤ ለንደን የሚገኘው የኸሊሊ ስብስብ ውስጥ ያለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቁርኣን አንዱ ነው። ደጓሹ እዚህ፣ ድጉሱ እዚያ!

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ውጭ የምትኖር የድሮ ተማሪዬ ከአንድ ሙዚየም ፎቶ ላከችልኝ። የሐረር ስፌት ነው፤ ቀይና ጥቁር ያለበት፣ ክዳን ያለው። ሥሩ ያለው ጽሑፍ "ስፌት፣ ሐረር" ይላል፤ ሌላ የለም። ስልኬን ይዤ ለአንዲት ጎረቤቴ አሳየኋቸው። በሰማንያዎቹ ውስጥ ያሉ የጌይ፣ የሐረሪ፣ እናት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ስፌት የሰፉ፣ በአፎቻ ማኅበራቸው ውስጥ የሚከበሩ። ስልኩን ወደ ብርሃኑ አዙረው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ምን አሉ? "ይህ ክዳን የዚህ አይደለም።" እንዴት? አልኩ። "የሁለት ሰው እጅ ነው። ታችኛው የሙሽራ ነው፤ ላይኛው የሌላ ቤት ነው።" ሳያቅማሙ ነው ያሉት፤ እኔ የልጆቼን የእጅ ጽሑፍ በማውቀው ዓይነት።

አያችሁ? ያ ሙዚየም ሙቀት መቆጣጠሪያ አለው፣ መስታወት አለው፣ ዘበኛ አለው። ክዳኑ የሌላ መሆኑን ግን አያውቅም። የሚያውቁት እናት ደግሞ ስፌቱን በስልክ ነው ያዩት። እኚህ እናት ሲያልፉ ይህ ዕውቀት ወዴት ይሄዳል? ቅርሱና ቅርሱን የሚያነብበው ሰው አንድ ላይ ይሁኑ የምለው ለዚህ ነው። መመለስ ማለት ለእኔ ይሄ ነው፦ ዕቃው ሊያነብበው ወደሚችል ሰው እጅ መግባቱ። ያ ልጅ "ለምን ደስ አለን?" ሲለኝ ይህን ብለው ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር!

አሁን የምናገረው ከባድ ነው። ለልጆቼ እንኳ የነገርኳቸው በቅርቡ ነው።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ደብተራ ነበሩ። በእጃቸው የጻፉት ዳዊት ነበራቸው። ወደ ድሬ የመጣው አባቴ ይዞት ነው። አባቴ ሲሞት ለእኔ ደረሰ። በ1977 ዓ.ም. እናቴ ታመመች። 24 ዓመቴ ነው፣ ሥራ የለኝም፣ ዘመኑን ታውቁታላችሁ። መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ከጅቡቲ ይምጣ ተባለ። ቀፊራ ገበያ ላይ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለውጭ ሰው የሚያቀብል ሰው እንዳለ ነገሩኝ። ዳዊቱን በነጠላ ጠቅልዬ ወሰድኩለት። መጀመሪያ ድጉሱን አየ፣ ከዚያ ሥዕል እንዳለው ጠየቀኝ፣ ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። "ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ" ይላል። አነበበው፤ ግዕዝ ይችላል። ቀና ብሎ አየኝና 120 ብር ቆጠረልኝ።

መድኃኒቱ መጣ። እናቴ ዘጠኝ ዓመት ቆየችልኝ። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን "አልሸጠውም ነበር" ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ግን እናቴ ማንበብ ባትችልም በጾም ዳዊቱን ትሳለመው ነበር። ሲሻላት "አምጣልኝ" አለችኝ። "ደጓሽ ዘንድ ነው፤ ጥራዙ ተፈትቶ ነበር" አልኳት። በሚቀጥለው ዓመትም ጠየቀችኝ። "ገና ነው" አልኩ። በሦስተኛው ዓመት መጠየቋን ተወች። ማወቋን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ለምንድን ነው ይህን የምነግራችሁ? ከአገር የወጣው ሁሉ በዝሆን ተጭኖ አልወጣም። በነጠላ ተጠቅልሎም ወጥቷል። በችግር ቀን፣ በእኛው እጅ። የመቅደላው ዘረፋ ነው፤ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይመለስ፤ በዚህ አልደራደርም። እንደ እኔ ዳዊት ያለው ግን እንዴት ይመለሳል? ያ መጽሐፍ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ አያቴ "ለልጆቼና ለልጅ ልጆቼ" ብለው ጽፈውበታል። የልጅ ልጆቻቸው ልጆች ሳይወለዱ ነው የሸጥኩባቸው። ወቅፍ የሆነ ኪታብ የሸጠም እንደዚያው ነው። ገዢውም ያንን ገጽ አንብቦ ነው የገዛው። ስለዚህ የገዛ ሙዚየም ቢያንስ ስሙን አሳውቆ፣ ፎቶውን ልኮ፣ ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገር። በሩን ዘግቶ "ደረሰኝ አለኝ" አይበለን። ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ ሕጋችንም ደንግጓል፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብቡት።

እናንተን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ሣጥን ክፈቱ። መጽሐፍ ካለ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ በስልካችሁ አንሡ። ስፌት ካለ የሰፋችውን እናት ስም ጻፉ። ድሬ ያላችሁ የምድር ባቡር ቤተሰቦች፣ የአባቶቻችሁን ወረቀት አንሡ፤ ደቻቱ ቀጠሮ አይሰጥም። ስንጠይቅ "የእኛ ነው" ብቻ ብለን አይበቃም፤ "ይኸው ፎቶው፣ ይኸው ስሙ፣ ይኸው የተጻፈበት ቃል" እንድንል ነው። ሐውልቱ የተመለሰው ስለማይደበቅ ነው። መጽሐፍ ግን ይደበቃል።

እኔም የራሴን ልናገርና ልውረድ። ይህ ንግግር ይለጠፋል ብለውኛል፤ ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ውጭ ላለ ሰውም ነው።

የምፈልገው ዳዊት ቁመቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። ድጉሱ ቀይ ቆዳ ነው፤ ከፊት ያለው መስቀል አንዱ ክንፉ ተልጧል። የኋላው ገበታ ለሁለት ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። መዝሙር 50፣ "ተሣሃለኒ እግዚኦ" የሚለው ላይ የጧፍ ሰም ጠብታ አለ፤ ሦስት ጠብታ ነው። ሥዕል የለውም። የአያቴ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ነው የተጻፈው። የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ፣ በሕፃን እጅ የተጻፈ "ሀ ሁ ሂ" አለ። እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ተቆጥቶ ሊያጠፋው ሲል እናቴ "ተወው" አለችው።

ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።